አንድ ካርድ የለም፣ ብዙ በር አለ፦ ቤተሰብ ይዞ መሐል አዲስ አበባን መጎብኘት፣ ችግርና መፍትሄ

ከውጭ አገር ዘመድ ሲመጣ፣ ወይም ከክፍለ ሀገር የመጡ የእህትና የወንድም ልጆች ከተማውን እንዲያዩ ሲታሰብ፣ በቤት ውስጥ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ የገንዘብ ነው። ስድስትና ሰባት ሰው በየበሩ ሲከፍል፣ ታክሲና ምሳ ሲጨመርበት ሒሳቡ ያስደነግጣል። ገንዘቡ በብዛት የሚያልቀው ግን ሙዚየሙ በር ላይ አይደለም። ከዳር እስከ ዳር በመመላለስ፣ የተቆረጠ ትኬት ሳይሠራ በመቅረቱና ልጆች ደክመው ጉብኝቱ ከመሃል በመቋረጡ ነው። ከዚህ በታች ያሉት በብዛት የሚያጋጥሙት ችግሮች ናቸው።

«እንደ ውጭ አገሩ አንድ የቅናሽ ካርድ ገዝተን ሁሉንም ብንገባስ?»

ይህን የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የመጡ ዘመዶች ናቸው። በዚያ የለመዱትን እዚህ ያጡታል። በኒው ዮርክ ሲቲፓስ የሚባለው ካርድ የተመረጡ ቦታዎችን በአንድ ዋጋ ያስጎበኛል፤ መጀመሪያ ከተጠቀሙበት ቀን አንስቶ ለ9 ተከታታይ ቀናት ያገለግላል። የፓሪሱ የሙዚየም ካርድ ደግሞ በሰዓት ይቆጠራል፦ 48፣ 96 ወይም 144 ሰዓት። መሐል አዲስ አበባ ላይ ግን እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ትኬት፣ የራሱ ሰዓትና የራሱ ደንብ አለው።

ካርዱ ስለሌለ ግን ሒሳቡ አይቀርም። በእነዚያ ከተሞችም ካርድ የሚያዋጣው ቀድሞ ላሰላ ሰው ብቻ ነው። በፓሪስ ብሔራዊ ሙዚየሞች ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በነፃ ስለሚገቡ ለልጅ የሚገዛ ካርድ ንጹሕ ኪሳራ ነው። የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየምም ለመደበኛው ጉብኝት ማንንም አያስከፍልም። ስለዚህ ካርድ ያለበትም ሆነ የሌለበት ከተማ ሥራው የሚጀምረው ነፃ የሆነውን ከዝርዝሩ በመለየት ነው።

በእኛ ከተማ ነፃው ብዙ ነው። በስድስት ኪሎ የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት፣ በአራት ኪሎ የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት፣ በፒያሳ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት፣ ሁሉም በአደባባይ ቆመው ይታያሉ። እነዚህን ለይታችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ክፍያ ያለባቸውን ቦታዎች ዘርዝሩና በእያንዳንዱ ፊት ሦስት ነገር አስቀምጡ፦ የመግቢያው ዋጋ በሰው ብዛት ተባዝቶ፣ የመሄጃው ወጪ፣ እዚያ የምትቆዩበት ሰዓት። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው በልጦ ካገኛችሁት ቦታው ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው መስተካከል ያለበት።

«ትኬት ቆርጠን ሄደን ሰዓታችሁ አልፏል ተባልን»

ይህ ከሁሉም የሚያናድደው ችግር ነው፤ ከሁሉም በቀላሉ የሚከለከለውም እሱ ነው። ምክንያቱ ሁለት የሰዓትና ሁለት የቀን አቆጣጠር በአንድ ቤተሰብ ውስጥ መኖራቸው ነው። በድረ ገጽ ወይም በስልክ መተግበሪያ የሚቆረጥ ትኬት ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ሰዓት ይጻፋል። 3፡00 የሚል ትኬት የያዘች አክስት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ልጆቹን አሰልፋ ልትቆም ትችላለች፤ ትኬቱ ግን ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። የተገላቢጦሹም አለ፦ ለጠዋት ታስቦ «4 ሰዓት እንገናኝ» የተባለ የውጭ ዘመድ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ከሆቴሉ ይወጣል።

ቀኑ ደግሞ ከሰዓቱም ይብሳል። 11/5 ብሎ የጻፈ ሰው ለእኛ ጥር 11 ማለቱ ነው፣ የጥምቀት ዕለት። ለንደን የሚኖረው ወንድም ሜይ 11 ብሎ ያነበዋል፤ ዋሽንግተን ያለችው እህት ኖቬምበር 5 ትለዋለች። ሦስቱም በራሳቸው አነባበብ ልክ ናቸው።

መፍትሄው፦ በቤተሰቡ መልእክት ውስጥ ቀንን በቁጥር ብቻ መጻፍ ይቅር። የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ፣ የሳምንቱ ቀን ይጨመር፤ «ማክሰኞ ጥር 12፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በእኛ» የሚል መልእክት ማንንም አያሳስትም። ትኬት ስትቆርጡ ከመክፈላችሁ በፊት የሳምንቱን ቀን ከግድግዳ መቁጠሪያ ጋር አስተያዩ። በስልክ ከጠየቃችሁም «በእኛ ሰዓት ነው ወይስ በፈረንጅ?» ማለትን አትፈሩ፤ ጠያቂውም ተጠያቂውም የለመደው ጥያቄ ነው።

የልጆች ቅናሽ ያለበት ቦታ ስትሄዱም ይኸው ችግር በሌላ መልኩ ይመጣል። ፓስፖርቱ ላይ 2018 የሚል የልደት ዓመት ያለው ልጅ በእኛ አቆጣጠር 2010 ወይም 2011 ነው የተወለደው። በሩ ላይ በጥድፊያ የሚያነብ ሰው ሊያምታታው ይችላል። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8። የልጁን ዕድሜ በዓመት ቁጥር ሳይሆን «ሰባት ዓመት ሞልቷታል» ብሎ መናገር ክርክሩን ያሳጥራል።

«ለአንዱ የአገር ውስጥ፣ ለሌላው የውጭ ዜጋ ዋጋ አስከፈሉን»

በብዙዎቹ ቦታዎች የኢትዮጵያዊና የውጭ ዜጋ ዋጋ የተለያየ ነው፤ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። አንድ አያት፣ ሁለት ወላጅና በውጭ የተወለዱ ልጆች አብረው ሲመጡ ሁሉም አማርኛ ስለተናገሩ ብቻ በአንድ ዋጋ ይገባሉ ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የበር ሠራተኛው የሚያየው መታወቂያ ነው።

እዚህ የምትኖሩ ፋይዳ ወይም የነዋሪነት መታወቂያ ያዙ። ዜግነት የቀየሩ ዘመዶች በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካላቸው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪሳቸው ውስጥ ይሁን። ያ ካርድ በየትኛው በር በአገር ውስጥ ዋጋ እንደሚያስገባ የሚወስነው የየተቋሙ መመሪያ ነውና ከመሄድ በፊት በስልክ ጠይቁ። በር ላይ ልጆች እየሰሙ መከራከር ለማንም አይበጅም። ሠራተኛው መመሪያ ነው የሚያስፈጽመው፣ ልጁ ደግሞ በአያቱ አገር «አንተ የውጭ ነህ» ሲባል መስማት የለበትም። ይህ ልብ የሚሰብር ነገር ስለሆነ አንድ አዋቂ ቀድሞ ሄዶ የሁሉንም ትኬት ቢቆርጥ፣ ሌላው ከልጆቹ ጋር ፈንጠር ብሎ ቢቆይ ይሻላል።

«ገንዘቡ ከስልኬ ተቆርጧል፣ ትኬቱ ግን አልመጣም»

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የኔትወርክ መቆራረጥ ነው፦ ክፍያው አልፏል፣ ማረጋገጫው ዘግይቷል። ደግማችሁ አትክፈሉ። የክፍያውን አጭር መልእክት ፈልጉና የግብይት ቁጥሩን አግኙ፤ በስክሪኑ ላይ ከሚታየው ክብ ምልክት ይልቅ ለሠራተኛው የሚጠቅመው እሱ ነው። ትኬቱ ከመጣም ፎቶውን ስልኩ ላይ አስቀምጡና ለሌላ የቤተሰብ አባል ላኩ። የአንድ ሰው ባትሪ ስላለቀ ስድስት ሰው በር ላይ መቆም የለበትም። ጥቂት ጥሬ ብርም ይያዝ።

«ገና ሁለተኛው ቦታ ላይ ልጆቹ አንሄድም አሉ»

ወላጅ ይህን እንደ ጥጋብ ያየዋል። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ እንጦጦ ጫፉ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከቆላ ወይም ከባሕር ዳርቻ ከተማ ትናንት የገባ ልጅ ሳንባው አልለመደም። ጥቂት ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ምግብ ያስጠላዋል። ፀሐዩም አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሳይታወቅ ያቃጥላል። ስለዚህ በመጡበት ማግስት እንጦጦ አታውጧቸው። የመጀመሪያውን ቀን ለቤትና ለዘመድ ተዉት፣ ውኃ ቶሎ ቶሎ ስጧቸው፣ ኮፍያ አድርጉላቸው። ራስ ምታቱ ካልለቀቀ ወይም ማስመለስ ከጨመረ ጉብኝቱ ይቅርና ሐኪም ይየው።

ሁለተኛው ምክንያት የቦታዎቹ አመራረጥ ነው። ጠዋት ፒያሳ፣ ቀጥሎ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያ መስቀል አደባባይ፣ ማታ ተመልሶ አራት ኪሎ የሚል ዕቅድ ገንዘብንም ልጅንም ይጨርሳል። አንድ ቀን አንድ ሰፈር ይብቃችሁ። እኔ ለልጆች ከሁሉም የምመርጠው ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ የሚወርደውን መስመር ነው፤ ሁለት ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ፣ ያውም ቁልቁለት። ታክሲ የምትይዙት ወደ ላይ ለመውጣት ብቻ ነው፤ ሌላው በእግር ያልቃል።

ጠዋት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ ጀምሩ። ቀድሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረውና ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠው ሕንፃ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለበት ነው። ዕቃዎቹ የተደረደሩት በብሔረሰብ ብቻ ሳይሆን በሰው ልጅ የሕይወት ጉዞ ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ከልደትና ከልጅነት ተነስቶ እስከ ሞት የሚሄደውን መስመር ትንሽ ልጅም ይከተለዋል። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታና መታጠቢያ ክፍልም እዚያው ነው። ከሕንፃው ፊት ለፊት ወደ ላይ የሚጠማዘዝ፣ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ ታያላችሁ። ልጆቹ ይቁጠሩት። ጣሊያኖች የሠሩት የፋሽስት ሥልጣን ዘመናቸውን በደረጃ ለመቁጠር ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ከግቢው ስትወጡ የየካቲት 12 ሐውልት ፊታችሁ ነው። 1929 ዓ.ም. ምን እንደተፈጸመ ለልጅ ባጭሩ ለመንገር ከዚያ ደረጃ ቀጥሎ የተሻለ ቦታ የለም።

ቁልቁል ወርዳችሁ አምስት ኪሎ አካባቢ ብሔራዊ ሙዚየም ትደርሳላችሁ። እዚህ ልጆች የሚያዝኑበት ነገር አለ፦ የሚታየው የድንቅነሽ አጽም ቅጂ መሆኑን ሲሰሙ «ውሸት ነው እንዴ?» ይላሉ። እውነተኛው አጥንት የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ስለሆነ በጥንቃቄ ተቀምጦ እንደሚጠበቅ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ስትገኝ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም የማይበልጥ እንደነበረ ታውቋል። የአምስት ዓመት ልጅ አጠገቧ ቆሞ ራሱን ሲለካ ማየት ያስደስታል። የሰላምን ታሪክም አትዝለሉ፤ ዲኪካ ላይ የተገኘችው ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን ናት፣ ዕድሜዋም 3.3 ሚሊዮን ዓመት። ልጆች ስለ ልጅ ሲሰሙ ጆሯቸው ይቆማል። ከዚህ በኋላ አራት ኪሎ ወርዶ ምሳ ነው፤ ዕለቱ በዚህ ይብቃ።

ፒያሳ ሌላ ቀን ይሁን፦ የካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ አጠገቡ የምኒልክ ሐውልትና ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል። በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ያለው አንድነት ፓርክ ደግሞ ብቻውን ግማሽ ቀን ይወስዳል። መስከረም 29 ቀን 2012 የተከፈተ፣ 40 ሄክታር ገደማ የሚሸፍን ግቢ ነው፤ ሙዚየም ጨርሶ የደከመ ልጅ ይዞ መግባት የከፈሉትን ገንዘብ መጣል ነው። የክረምት ወራት ከሆነ ከቤት ውጭ ያለውን ጠዋት ጨርሱ፤ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል።

«መንገድ ተዘግቷል»

መሐል ከተማው በዓልና ስብሰባ የሚበዛበት ነው። መስከረም 16 የደመራ ዕለት መስቀል አደባባይ፣ የካቲት 23 የዓድዋ በዓል ዕለት ፒያሳ፣ በፈረንጆች ፌብሩዋሪ ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ሲካሄድ ዋና ዋና መንገዶች ይዘጋሉ። ከዋዜማው ጀምሮ የትራፊክ ፖሊስ ማስታወቂያ በሬዲዮ ይነገራል፤ ስሙት። በእነዚያ ቀናት በእግር የሚያልቀውን የስድስት ኪሎ መስመር ምረጡ።

ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ደግሞ በፒያሳና በአራት ኪሎ ብዙ ነገር ቦታውን ቀይሯል። የቆየ ካርታ የያዘ ዘመድ የታክሲ መያዣውን፣ የለመደውን ካፌ ወይም መግቢያውን በር ላያገኝ ይችላል። በአካባቢው የቆመ ተራ አስከባሪ ከስልኩ ካርታ የተሻለ ያውቃል። ቦታው ራሱ ለዕድሳት ተዘግቶ እንዳይሆን ግን በዋዜማው ደውሎ ማረጋገጥ የሁሉም ጉዞ ግዴታ ነው።

«ልጃችን ከሙዚየሙ ወጥታ ማታ እንቅልፍ አጣች»

መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሁሉም ኢትዮጵያዊ ሊያየው የሚገባ ቦታ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ የሰው አጽምና የሟቾች ልብስ አለ። ትንንሾቹን ልጆች አንድ አዋቂ ውጭ ይዟቸው ይቆይ፣ ከፍ ያሉት ቀድሞ ተነግሯቸው ይግቡ። አያት ወይም አጎት በዚያ ዘመን ሰው ያጡ ከሆኑ መግባት ይፈልጉ እንደሆነ ከልጆቹ ፊት ሳይሆን ለብቻቸው ጠይቋቸው።