ሄሊኮፕተር ወደቀ ሲባል የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴ ላይ የሄሊኮፕተር አደጋ ወሬ ሲመጣ ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ምርመራው ያልቃል። አንዱ «ሞተሩ ነው» ይላል። ሌላው «መትተውት ነው» ይላል። ጥግ የተቀመጠው ደግሞ አብራሪውን ሰካራም ያደርገዋል። መርማሪዎቹ ገና ቦታው ላይ አልደረሱም እኮ! በተለይ ሁለት ወይም አራት ሰው የምትይዝ ትንሽ ሄሊኮፕተር ሰው ይዛ ስትወድቅ ደጋግመን የምንላቸው ነገሮች አሉ።

«ሞተር ከጠፋ በቃ፣ ድንጋይ ነው»

አይደለም። ሞተር ሲቆም አብራሪው በግራ እጁ የያዘውን ማንሻ ወዲያው ዝቅ ካደረገ፣ ከታች የሚመጣው አየር ሮተሩን፣ ማለትም ከላይ የሚሽከረከሩትን ክንፎች፣ ማዞሩን ይቀጥላል። አውቶሮቴሽን ይሉታል፤ ማንኛውም ሠልጣኝ የሚለማመደው ነገር ነው። ሄሊኮፕተሯ ቶሎ ትወርዳለች፣ ግን መሬት ስትቃረብ ሮተሩ ባጠራቀመው ጉልበት ማሳረፍ ይቻላል። ጣጣው ጊዜው ነው። ሁለት ሰው እንደምትይዘው ሮቢንሰን አር 22 ባሉት ቀላል ሄሊኮፕተሮች ላይ ሮተሩ ፍጥነቱን ቶሎ ያጣል። አብራሪው ቢበዛ አንድ ሁለት ሰከንድ ነው ያለው። ስለዚህ መርማሪ «ሞተሩ ለምን ቆመ?» ብቻ ብሎ አይተውም። ሮተሩ መሬት ሲነካ በምን ፍጥነት ይዞር ነበር? ይህንን የክንፎቹ ስብራት ይነግረዋል። በኃይል ሲዞር የነበረ ክንፍ ይሰባበርና ይበተናል፤ ፍጥነቱ የሞተበት ወደ ላይ ይታጠፋል።

«ኮምቦልቻ የበረረ ደሴም ይበራል»

ይህን የሚል ሰው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት በጭነት መኪና አልወጣም ማለት ነው። የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ደሴ 2,500 አካባቢ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይቀንሳል። ሞተሩ ይደክማል፣ ሮተሩም የሚይዘው አየር ይሳሳል። የቀትር ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። አር 22 ከነሰዎቹና ከነነዳጁ ከ622 ኪሎ ማለፍ የለባትም፤ ይህም ቢሆን እዚህ ከፍታ ላይ ባለችበት ረግታ መቆም ትችላለች ማለት አይደለም። ወደፊት እየበረረች ደህና የነበረች ሄሊኮፕተር ለማረፍ ስትቀዘቅዝ ጉልበት ያጥራታል። መርማሪዎች የሟቾችን ሻንጣ ሲመዝኑ ያየ ቤተሰብ ንቀት ሊመስለው ይችላል። እነሱ ግን ይህንን ሒሳብ እየሠሩ ነው።

«ሰማይ ላይ ተበታተነ፣ ስለዚህ መትተውታል»

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የዓይን ምስክር አይዋሽም፤ ግን ያየውን ሳይሆን የገመተውን ይናገራል። ባለ ሁለት ክንፍ ሮተር ያላቸው ቀላል ሄሊኮፕተሮች ያለ ምንም ጥይት ሰማይ ላይ ሊሰበሩ ይችላሉ። እንደ ጦሳ ያለ ተራራ ጫፍ ላይ ነፋሱ ሲናጥ፣ ወይም አብራሪው መሪውን ድንገት ወደፊት ሲገፋ፣ ሰውነት ከወንበር ብድግ ያለ ያህል ይቀላል። በዚያች ቅጽበት ሮተሩ ሸክሙን ያጣል። የሄሊኮፕተሯ አካል ወደ ቀኝ ይንጋደዳል። እጅ ሳያስብ መሪውን ወደ ግራ ይመልሳል፤ ገዳዩ ይሄ ነው። የሮተሩ ማዕከል የተሸከመውን ዘንግ ይመታል፤ ዘንጉ ይቆረጣል፣ ወይም ክንፉ ራሱ ጅራቱን ወይም ሰው የሚቀመጥበትን ክፍል ይቆርጣል። ትክክለኛው እርምጃ በመጀመሪያ መሪውን ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መሳብ ነው። አሜሪካ በ1995 እ.ኤ.አ. ለአር 22 እና አራት ሰው ለምትይዘው ለአር 44 አብራሪዎች ልዩ የሥልጠና ደንብ ያወጣችው ለዚህ ነው። የተራራማዋ ኒው ዚላንድ መርማሪዎችም በ2016 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን አንገብጋቢ ስጋቶች ብለው ከመዘገቧቸው ጋር ጨምረውታል።

«ብላክ ቦክሱ ይናገራል»

በትንንሾቹ ላይ ብዙውን ጊዜ የለም። ሕጉ አያስገድዳቸውም። ታዲያ ማን ይናገራል? ስብርባሪው፣ መሬቱ ላይ የቀረው ጭረት፣ የማስጠንቀቂያ መብራቱ አምፖል እንኳ። አምፖሉ ሲጋጭ በርቶ ከነበረ ውስጡ ያለው ክር ይለጠጣል። ስለዚህ ሰው ለማዳን ካልሆነ በቀር ምንም አታንሱ። ለማስታወሻ ብሎ ቁራጭ ብረት ኪስ መክተትማ ነውር ነው። ቪዲዮ የቀረጸ ሰው ካለ ዋናውን ፋይል አያጥፋ። ከድምፁ ብቻ የሮተሩ ፍጥነት ሊሰላ ይችላል። በቴሌግራም ተቀባብሎ የተጨመቀው ቅጂ ግን ለዚህ ሥራ ደካማ ነው።

«ያው የአብራሪው ስህተት ነው»

አንዳንዴ እውነት ነው። በጥር 2020 እ.ኤ.አ. የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን ኮቢ ብራያንትን ጨምሮ 9 ሰዎች የሞቱበት ሄሊኮፕተር ሞተሮቹ ደህና ነበሩ። አብራሪው ደመና ውስጥ ገብቶ አቅጣጫ ጠፋው፤ እየወጣሁ ነው ሲል እየወረደ ነበር። ክረምት ላይ ጦሳን ጉም ሲውጠው ያየ ሰው ይገባዋል። የእንግሊዙ እግር ኳስ ክለብ ሌስተር ሲቲስ? በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. የክለቡ ባለቤት በሄሊኮፕተር ከስታዲየሙ ተነስተው ሲወድቁ የዲኤስቲቪ ቤቱ ሁሉ የየራሱን ፍርድ ሰጥቶ ነበር። የእንግሊዝ መርማሪዎች በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሪፖርት ጥፋቱን የጅራት ሮተሩ ውስጥ ባለች አንዲት ኩሽኔታ ላይ አገኘው። ተጣብቃ ቆማለች። አብራሪው የሚያደርገው ነገር አልነበረም። ሁለቱም ትንንሽ ሄሊኮፕተሮች አይደሉም፤ የእኛ ችኮላ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

«ሪፖርቱ ማንንም ካልወቀሰ ምን ይሠራል?»

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ፣ አባሪ 13 የሚባለው፣ የምርመራው ዓላማ ቀጣዩን አደጋ መከላከል ብቻ ነው ይላል። ጥፋተኛ መለየት የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ሌላው ግራ የሚያጋባው ጊዜው ነው። በ30 ቀን ውስጥ የሚወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት የተገኘውን ይዘረዝራል እንጂ ምክንያቱን አይደመድምም። በመጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. ቢሾፍቱ አካባቢ የወደቀውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን አስታውሱ። የመጀመሪያው ሪፖርት በወሩ ውስጥ ወጣ፤ የመጨረሻው ታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። እንዲህ ያለውን የወር ሪፖርት ይዞ «ይኸው ምክንያቱን ደብቀውታል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ የመጨረሻው እንዳልወጣ ንገሩት።