«አልነካውም እኮ!» ከባቡር ኮረንቲ ሥር ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ቀን ሐዲድ ዳር አጥር እየሠራን ነበር። አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ የብረት ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ላይ ይዘረጋ ጀመር።

«ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት።

«ሽቦው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ልለካ ነዋ! ጋሼ፣ ራቁ አላላችሁም?»

ልጁ መጠንቀቁ ነው። ደግነቱ ሜትሯ ትንሽ እንደወጣች ታጥፋ ወደቀች። እኔም አብሬያት ልወድቅ ነበር።

ሰነፍ ልጅ አይደለም። ኮረንቲን የሚያውቀው በቤቱ ማብሪያና ማጥፊያ ስለሆነ ነው። ብዙዎቻችንም እንደዚያው ነን። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። ከሰበታ ተነስቶ በአዳማና በድሬዳዋ አድርጎ ጅቡቲ የሚገባው ባቡር ግን የሚሄደው በ25,000 ቮልት ነው፤ ከ110 እጥፍ በላይ። አባቶቻችን የለመዱት የፈረንሳዩ ምድር ባቡር መጀመሪያ በእንፋሎት፣ ኋላም በናፍጣ ስለነበር ከላዩ ሽቦ አልነበረውም። አዲሱ መስመር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ሽቦው መጣ፤ ልማዳችን ግን የድሮው ነው።

ሳይት ላይ የምሰማቸውን አባባሎች ልንገራችሁ። እያንዳንዱ አባባል አንድ ስህተት ነው።

«አልነካውም እኮ!»

የቤት ሽቦ ካልነካችሁት አይነዝራችሁም። እዚህ ግን መንካት ግዴታ አይደለም። ሽቦው ራቁቱን ነው፤ እንደ ቤት ገመድ ላስቲክ አልለበሰም። በጣም ከቀረባችሁ ኮረንቲው አየሩን ሰብሮ ይመጣል።

አንዳንዱ ደግሞ «ከሦስት ሜትር ይስባል» እያለ ያጋንናል። ሽቦ ማግኔት አይደለም፣ ሰው አይስብም። 25,000 ቮልት በአየር ላይ የሚዘለው ጥቂት ሴንቲሜትር ነው። ታዲያ የቻይና ደንብ 2 ሜትር፣ የእንግሊዝ ደግሞ 2.75 ሜትር ራቁ የሚለው ለምንድን ነው? ሰው ስለሚሳሳት ነዋ። እግር ይንሸራተታል። መሰላል ይወዛወዛል። ከታች ሆኖ ወደ ላይ የሚያይ ዓይንም ርቀት መገመት ላይ ደካማ ነው። ለእኔ ትልቁን ቁጥር መያዝ ይሻላል። ርቀቱ ደግሞ የሚለካው ከአናታችሁ ሳይሆን ከያዛችሁት ዕቃ ጫፍ ነው።

«መብራት ጠፍቷል ተብሏል»

ይሄኛው ዋናው ነው። መብራት መሄዱን ለምደነዋል። ሰፈሩ ጨልሞ ጄኔሬተር ሲንኳኳ ስንሰማ ሽቦ ሁሉ የሞተ ይመስለናል። የባቡሩ ሽቦ ግን ኃይል የሚያገኘው ከራሱ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ነው። ከሰፈራችሁ ትራንስፎርመር ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

እሺ፣ በእውነት ጠፋ እንበል። ማን ነው ያለው? በዚህ መስመር አንድ መልእክት ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ሊዞር ይችላል። በዚያ ላይ ስልኩ ይቆራረጣል። «አልጠፋም» እና «ጠፋ» መካከል ያለችው «አል» ምን ያህል እንደሆነች አስቡት። እሷን ኔትወርክ ከበላት አለቀ። ስለዚህ በስልክ የመጣ «ጠፍቷል» ለእኔ ወሬ ነው። የጽሑፍ ፈቃዱን አምጡ እላለሁ። ፈቃዱ ላይ ከየትኛው ፖል እስከ የትኛው ፖል እንደጠፋ በቁጥር ይጻፋል። ከዚያ አንድ ፖል አልፋችሁ ከሠራችሁ ፈቃድ የላችሁም።

ወረቀቱም በቂ አይደለም። የጠፋ ሽቦ ሁሉ የሞተ ሽቦ አይደለም። ጎኑ ያለው መስመር ኃይል ካለው፣ የጠፋው ሽቦ ምንም ሳይነካው ከአየር ላይ ኮረንቲ ይሰበስባል፤ ያም ሰው መግደል ይችላል። ሌላም አለ። ባቡር ጣሪያው ላይ ሽቦውን እየነካ የሚሄድ ክንድ አለው፤ ፓንቶግራፍ ይሉታል። ባቡሩ በስህተት ከበራው ክፍል ወደጠፋው ከገባ ያ ክንድ ሁለቱን አገናኝቶ ኃይሉን ይዞላችሁ ይመጣል።

መፍትሔው ኧርዝ ነው፤ ሽቦውን በገመድ ከሐዲዱ ጋር አገናኝቶ ኮረንቲውን ወደ መሬት ማውረድ ማለት ነው። ይህን የሚሠራው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ነው፤ እናንተ ግን ቆማችሁ እዩት። መጀመሪያ በመመርመሪያ ዘንግ ኃይል አለመኖሩን ያረጋግጣል። ቀጥሎ የኧርዙን አንድ ጫፍ ሐዲዱ ላይ ያስራል። ከዚያ በኋላ ነው ሌላውን ጫፍ ኮረንቲ በማያስተላልፍ ረጅም ዘንግ ሽቦው ላይ የሚሰቅለው። ሲያነሳ ደግሞ መጀመሪያ ከላይ ያወርዳል፣ ከዚያ ከታች ይፈታል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ገመዱን የያዘው ሰውዬ ራሱ ኧርዝ ሆነ ማለት ነው። ኧርዙ ከምትሠሩበት ቦታ በግራም በቀኝም መኖር አለበት። ሁለቱንም በዓይናችሁ ካላያችሁ አትጀምሩ። ካቦው ቢጮህም ይጩህ።

«እኔ መሬት ላይ ነኝ፣ ምን አገናኘኝ?»

እናንተ መሬት ላይ ናችሁ፤ የያዛችሁት ፌሮስ? ፌሮ ወደ ሳይት የሚመጣው 12 ሜትር ሆኖ ነው። ሽቦው ደግሞ ከሐዲዱ በላይ ያለው ከፍታ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 6 ሜትር ተኩል ነው። ቀጭን ፌሮ ተሸክማችሁ ካያችሁ ጠባዩን ታውቁታላችሁ። እንደ አርጩሜ ነው። የፊተኛው ሰው ደክሞት ጎንበስ ሲል የኋላው ጫፍ ሽቅብ ይነሳል፤ እየተወዛወዘም የት እንደሚደርስ አታውቁትም። ፌሮውን ከሐዲዱ ርቃችሁ በልኩ ቁረጡት። ከዚያ ለሁለት፣ ከትከሻ በታች አድርጋችሁ፣ አግድም ተሸከሙት። ማቆም የለም።

«አጣና እንጨት ነው፣ አያስተላልፍም» የሚልም አይጠፋም። ገና ያልደረቀ ባህር ዛፍ ውስጡ ውኃ ነው። ክረምት ላይማ የደረቀውም ያው ነው። የብረት መሰላል ጭራሽ ወደዚያ አይምጣ።

ሹፌሮችም አሉበት። ገልባጩ አሸዋውን ያራግፍና ካሶኒውን ሳያወርድ ይነዳል። ረዳቱ «ሂድ፣ ሂድ!» ይላል፤ ዓይኑ ግን ጎማው ላይ ነው። ክሬንና ኤክስካቫተር ሲሠራ ሽቦውን ብቻ የሚያይ አንድ ሰው መቆም አለበት። ሥራው ማየት ብቻ ነው። ሞባይሉን ኪሱ ከትቶ።

«ቦቲ አድርጌያለሁ»

ቦቲ ከጭቃ ያድናል። የሥራ ጓንትም ከእሾህና ከብረት ስለት ያድናል። ለ25,000 ቮልት ሁለቱም እንደሌሉ ቁጠሯቸው።

«ይቺን ላስቲክ ላውርዳት»

በቢሾፍቱና በሞጆ አካባቢ የአበባ እርሻ ብዙ ነው። የአበባ ቤት ላስቲክ ሲቀደድ ንፋስ ይዞት ይሄዳል፤ ሽቦ ላይም ሊንጠለጠል ይችላል። ልጅም ሆነ ትልቅ ሰው ሲያየው ዱላ ፍለጋ ይሮጣል። ተዉት። ላስቲኩ ከረጠበ ወይም ከቆሸሸ ኮረንቲ ሊመራ ይችላል። ለባቡር ሠራተኞች መናገር ብቻ ነው የእናንተ ድርሻ። ሽቦው አጠገብ እሳት ቢነሳም እንዲሁ ነው፤ ኃይሉ መጥፋቱ ሳይረጋገጥ ውኃ አትርጩ።

«የከተማዋ ባቡር ትንሽ ናት»

ከመስከረም 2008 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የምትሄደው ቀላል ባቡር 750 ቮልት ነው የምትጠቀመው። ከ25,000 ጋር ሲያወዳድሩት ሰዎች ይንቁታል። ከቤታችሁ ኮረንቲ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ፣ ከመስመሩ አጠገብ ቢልቦርድ የምትሰቅሉ፣ ዛፍ የምትከረክሙ፣ የሕንፃ ፊት ቀለም የምትቀቡ ሁሉ ይመለከታችኋል።

«ልጎትተው!»

በዚህኛው ማንንም መውቀስ ይከብደኛል፤ ጓደኛህ ወድቆ ዝም ብለህ ቁም ማለት ቀላል አይደለም። ግን ሽቦውን ወይም ሽቦው የነካውን ነገር የነካ ሰው ኃይሉ መጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ራሱ ሽቦ ነው። የያዘው ይይዛችኋል፤ ከዚያ አንድ የነበረው ሬሳ ሁለት ይሆናል። የተበጠሰ ሽቦ መሬት ላይ ካያችሁ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ፣ ሌላውንም አርቁ። ቅርብ ሆናችሁ ካገኛችሁት እንዳትሮጡ። መሬቱ ራሱ ኮረንቲ ይዟል፤ በሰፊው ስትራመዱ ባንዱ እግር ገብቶ በሌላው ይወጣል። እግራችሁን አገጣጥማችሁ፣ ከመሬት ሳታነሱ፣ በጥቂት በጥቂቱ እየጎተታችሁ ውጡ።

ክሬን ላይ ሆናችሁ ቡሙ፣ ማለትም ረጅሙ የክሬኑ ክንድ፣ ሽቦ ከነካ ደግሞ አትውረዱ። ውስጥ ቁጭ በሉ። ከቻላችሁ ቡሙን አርቁት፤ ሰው እንዳይጠጋም ጩኹ። እሳት ካልተነሳ በስተቀር መውረድ የለም። ከተነሳ በሁለት እግር ገጥማችሁ ዝለሉ። አንድ እጅ መኪናው ላይ፣ አንድ እግር መሬት ላይ ከሆነ ግን አለቀላችሁ።

ከዚያ ስልክ ነው። ስትደውሉ «ከሞጆ ወዲህ፣ ድልድዩ ጋ» አትበሉ። እያንዳንዱ ፖል ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ እሱን ንገሯቸው። የትኛውን ክፍል እንደሚያጠፉ የሚያውቁት በእሱ ነው። እኔ ጠዋት ሥራ ሳልጀምር የቅርቡን ፖል ቁጥርና የመቆጣጠሪያ ማዕከሉን ስልክ ሄልሜቴ ውስጥ በማርከር እጽፋለሁ። ያ ባለ ሜትሩ ልጅም አሁን እንደዚያው ያደርጋል። የብረት ሜትሯን ግን እስካሁን አልመለስኩለትም።