በአርቪ ኮንቬክሽን ማይክሮዌቭ ዳቦ አልበስል ሲል

አርቪ ማለት ውስጡ የሚኖርበት የጉዞ መኪና ነው፣ ኮንቬክሽን ማይክሮዌቩ ደግሞ በማሞቂያና በፋን እንደ ኦቨን የሚጋግር ማይክሮዌቭ። ሰዓቱ አልቆ ዳቦው ነጭ ነው፣ ቢላ ብትሰዱበት ሊጥ ይዞ ይወጣል። በብዛት የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው፣ ሰው ደግሞ ቶሎ የሚረግመው እርሾውን ነው። ባካችሁ እርሾውን ተዉት፣ ኮረንቲውን እዩ! እዚህ አሜሪካ በበጋ ማታ አርቪዎቹ የሚቆሙበት ካምፕ ሁሉ ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) ሲከፍት 120 የነበረው ቮልት 105 ይገባል። ትንሽ ይመስላል እንጂ 1500 ዋት የነበረው ማሞቂያ ያኔ 1150 ገደማ ነው የሚሰጣችሁ፣ ማሳያው ላይ 350 ፋራናይት ብላችሁ ብትሞሉም እዛ ለመድረስ ይንቀረፈፋል፣ በሩን ከፈት ባደረጋችሁ ቁጥር ደግሞ ወደኋላ።

ሶኬት ላይ የሚሰካ ቮልት ማሳያ ግዙና ኦቨኑ ሳይበራም እየሠራ እያለም አንብቡት። ኦቨኑ ሳይበራም ዝቅ ያለ ከሆነ ችግሩ የካምፑ ነው፣ ጠዋት ሰው ሳይነሳ ጋግሩ። ኦቨኑ ሲበራ ብቻ ዘጭ የሚል ከሆነ ግን ገመዳችሁ ነው። ፊኒክስ አካባቢ አንድ ወዳጄ ለልጁ ልደት ዲፎ ሊጋግር ብሎ ሁለቴ ሊጥ ሆኖበት ጠራኝ፣ ወጥቼ ገመዱን ብነካው ይፋጃል፣ ለሣር ማጨጃ የሚሆን ቀጭን ኤክስቴንሽን፣ መሰኪያው ላይ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ መቅለጥ ጀምሯል። ያን የሚያክል መኪና ገዝቶ ገመድ ላይ መቆጠብ ምን ይሉታል? ቤተሰቡ እኮ ውስጥ ተኝቶ ነው የሚያድረው። ባለ 30 አምፔሩን ወፍራም ገመድ ስናስገባ ዳቦው በዛው ማታ ደረሰ።

ብሬከሩ (ጭነት ሲበዛ ኮረንቲ የሚቆርጠው) እየወረደ ካስቸገረ፣ ኦቨኑ ብቻውን 13 አምፔር ገደማ ይበላል፣ ኤሲና የውሃ ማሞቂያ ሲጨመርበት ባለ 30 አምፔሩ መስመር አይችልም። አንዱን አጥፉ።

ላዩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ከሆነ ዳቦው ሲነፋ ጣራውን ሊነካ ደርሷል ማለት ነው፣ ሊጡን ቀንሱ፣ ሙቀቱንም በ25 ፋራናይት ዝቅ አድርጉ። ኮባ ወይ የሙዝ ቅጠል የምታለብሱ ደግሞ ጫፉን ከርክሙት፣ ፋኑ እያራገበው ግድግዳው ላይ ያርራል፣ አየሩንም ይዘጋል።

ታቹ ከነጣ ወፍራሙን የመስታወት መጋገሪያ ተዉና በስስ ብረት ጋግሩ፣ የሽቦ መደርደሪያውም ከኦቨኑ ጋር አብሮ ይሙቅ። ግን ብረቱ ለኮንቬክሽን ብቻ ነው! ተሳስታችሁ የማይክሮዌቩን ቁልፍ ብትነኩ ብልጭታ ነው።

ፋኑ ጭራሽ ካልዞረ ባለሙያ ጥሩ፣ ራሳችሁ አትፍቱት፣ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ያለው ካፓሲተር (ኮረንቲ አጠራቅሞ የሚይዘው ዕቃ) ሰው ይገድላል። ጋግራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ፋኑ ቢያጓራ ግን ብልሽት አይደለም፣ እየቀዘቀዘ ነው፣ አትንቀሉት።