ደመወዝን ለ4 ሳምንት ሳይሆን ለ30 ቀን

ዕዳ ላይ ከሆናችሁ ደመወዝ በገባበት ቀን የቤት ኪራዩን፣ የዕድሩንና የዕዳውን ድርሻ ቀድማችሁ ክፈሉ። «ከተረፈኝ እከፍላለሁ» የተባለ ዕዳ ሲከፈል አይታይም።

የቀረውን ለ4 ማካፈል ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። 4 ሳምንት 28 ቀን ነው፤ ወሩ ግን 30። የሱቅ ዱቤ የሚጀመረው በቀሩት 2 ቀናት ነው። ለምሳሌ የተጣራ ደመወዝ 14,000 ብር ይሁን። ኪራይ 5,000፣ ዕድር 200፣ ዕዳ 2,800 ሲነሳ 6,000 ይቀራል፤ ለቀን 200 ብር ማለት ነው። ደመወዝ ከገባበት ቀን ጀምሮ በየ7 ቀኑ 1,400 ብር ብቻ ወደ ቴሌብር አዛውሩና የባንክ ካርዱን ቤት ተዉት። ለመጨረሻዎቹ 2 ቀናት 400 ብር ይጠብቃችኋል። ሜክሲኮ ወይም ካዛንቺስ ለሚሠራ ሰው 200 ብር የታክሲና የምግብ ቤት ምሳ አብሮ አይችልም፤ ምሳ ቋጥሩ።

ከዕዳዎቹ ቅጣት የሚቆጥረው የስልክ ብድር ይቅደም፣ ቀጥሎ ዱቤ። ወለድ የማይጠይቅ ዘመድ መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ግን ደውላችሁ ቀኑን ንገሩት፣ ሰው የሚቀየመው በዝምታው ነው። ዕቁብ ቀድሞ ከወጣላችሁ ቀሪው መዋጮ ዕዳ ነውና ከኪራዩ ጋር መድቡት።

በኢትዮጵያ ወር የሚከፈላችሁ ደግሞ ጳጉሜን አትርሱ። የነሐሴ ደመወዝ 35 ቀን (ጳጉሜ 6 ስትሆን 36) መዝለቅ አለበት፣ ያውም ከዓመት በዓልና ከትምህርት ቤት ምዝገባ ጋር። ከግንቦት እስከ ነሐሴ በየወሩ 250 ብር፣ ከዕዳው ድርሻ ቀንሳችሁም ቢሆን፣ ብታስቀምጡ የ5ቱ ቀን 1,000 ብር ይሞላል።