የቅሬው ደብተር፦ ስለ ወረርሽኝ ሞት ስንከራከር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ነሐሴ 2012 ዓ.ም. ነው። ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ለቅሶ ላይ ነን። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። ድንኳኑን ዝናቡ ይደበድበዋል። ተራርቀን ተቀምጠናል፤ ጭምብሉ ግን የብዙዎቻችን አገጭ ላይ ነው። ሟቹ የቅሬያችን፣ ሌላው አገር እድር የሚለው ማኅበራችን፣ አባል ነበሩ። እኔ የቅሬው ጸሐፊ ስለሆንኩ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጥግ ይዣለሁ።

ከኮምቦልቻ የመጣ ባጃጅ ነጂ ወጣት ጡረታ ከወጡ አስተማሪ ጋር ክርክር ገጠመ።

«ጋሼ፣ እኒህ ሰው እኮ ስኳር ነበረባቸው። ለምን ኮሮና ገደላቸው ይባላል? ቁጥር ለማብዛት ነው እንጂ።»

«ልጄ፣ ቁጥሩ መች በዛና! የሚሞተው ሰው ከሚነገረው አሥር እጥፍ ነው።»

«ማን ቆጥሮት ነው ጋሼ?»

«ስኳር ነው ያልከውስ አንተ ማን ነግሮህ ነው?»

ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ። የሟቹ ባለቤት በመጋረጃው በኩል ሁሉንም ይሰሙ ነበር። ማታ ደብተሩን ላስፈርም ስገባ እጄን ያዙኝና «ልጄ፣ የሞተው እኮ ሰው ነው። እስቲ ተዉኝ፣ ላልቅስበት» አሉኝ።

ይህ ነገር ከውስጤ አልወጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሞት ቁጥር ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ያ ወጣትም፣ ጋሼም፣ እኔም ተመሳሳይ ስህተቶች ስንሠራ እንደነበር ገባኝ። በሌላ ወረርሽኝ ጊዜም ይኸው ክርክር መመለሱ ስለማይቀር አንድ በአንድ ልጻፋቸው።

«ስኳር ነበረበት፤ ኮሮና አይደለም የገደለው»

ከሁሉም የበዛው ስህተት ይህ ነው። የእኛ ሰፈር ወሬ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2020 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል አንድ ሰንጠረዥ አወጣ። በኮሮና ከሞቱት ሰዎች ውስጥ በሞት ማስረጃቸው ላይ ኮሮና ብቻውን የተጻፈላቸው 6 በመቶ ነበሩ። ወዲያው «በኮሮና የሞተው 6 በመቶ ብቻ ነው» የሚል ወሬ ዓለምን አዳረሰ።

እውነቱ ምንድን ነው? ሐኪም የሚሞላው የሞት ማስረጃ ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ክፍል ሞቱ የመጣበት ሰንሰለት ይጻፋል። ከላይ የመጨረሻው ነገር ይሰፍራል፤ ለምሳሌ የመተንፈሻ አካል ሥራ ማቆም። ከሥሩ ያንን ያመጣው የሳንባ ምች። ከሁሉም በታች ነገሩን የጀመረው በሽታ፣ እዚህ ላይ ኮሮና። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ሞቱን ያገዙ ሌሎች ሕመሞች የሚጻፉበት ነው፤ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የኩላሊት ሕመም። የሞት ምክንያት ሆኖ የሚቆጠረው ሰንሰለቱን የጀመረው ነው። ከ94 በመቶዎቹ ብዙዎቹ ላይ የተጻፈው «ሌላ» ሕመም ኮሮናው ራሱ ያመጣው የሳንባ ምች ነበር።

እንዲህ አስቡት። ግድግዳው የተሰነጠቀ የጭቃ ቤት አለ። ሰውየው ስንጥቁን እየመረገ አሥራ አምስት ክረምት ኖሮበታል። አንድ ሐምሌ ጎርፍ መጣና ቤቱን ጣለው። ቤቱን ምን ጣለው? ስንጥቁ አግዟል። ጎርፉ ባይመጣ ግን ሰውየው ዛሬም እዚያው ቤት ይተኛ ነበር። እኒያ የቅሬያችን አባል ከስኳር ጋር ብዙ ዓመት ኖረዋል። በየሳምንቱ ሰኞ ገበያ በእግራቸው ወርደው የሚመለሱ ሰው ነበሩ።

በተቃራኒው በኩልም ስህተት አለ፤ አልደብቀውም። ተመርምሮ ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ በቫይረሱ ሞተ ማለት አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ አንድ ጊዜ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ከወራት በኋላ በሌላ ምክንያት ቢሞት እንኳ በኮሮና ሟችነት ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2020 ቆጠራው ከምርመራው በኋላ በ28 ቀን ውስጥ በሞቱት ብቻ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከድምሩ ላይ ከ5,000 በላይ ሞት ተቀነሰ። በእኛም አገር በመጀመሪያዎቹ ወራት መግለጫዎች ላይ «ከአስከሬን በተወሰደ ናሙና» ቫይረሱ የተገኘባቸው ይባል እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ቁጥር ሲነገራችሁ መጀመሪያ «ማንን ሟች ብላችሁ ቆጠራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

«በእኛ ቅሬ በኮሮና የሞተ የለም»

ይህን መጀመሪያ ላይ እኔም ብዬዋለሁ፤ እንዲያውም ደብተሩን ገልጬ። ወሎ ውስጥ በቅሬ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ይቀብራል፣ አብሮ ያስተዛዝናል። ሰው ከቅሬው ደብተር በላይ የሚያምነው ወረቀት የለም። ችግሩ ደብተሩ ትንሽ መሆኑ ነው።

እስቲ እናስላው። በኢትዮጵያ በይፋ በኮሮና ሞቱ የተባሉት 7,500 ገደማ ናቸው። የሕዝቡን ቁጥር 120 ሚሊዮን ብንል ከ16,000 ሰው አንድ ማለት ነው። አሁን ጋሼ እንዳሉት እውነተኛው ቁጥር አሥር እጥፍ ነው እንበል። ከ1,600 ሰው አንድ ይሆናል። አንድ ቅሬ ከነቤተሰቡ 600 ሰው ቢኖረው፣ ሞቱ በእኩል ዕድል ቢደርስ፣ ከአሥር ቅሬ ሰባቱ ገደማ አንድም የኮሮና ሞት አያዩም። ቁጥሩ አሥር እጥፍ ሆኖም ማለት ነው። ስለዚህ የአንድ ቅሬ ደብተር ባጃጅ ነጂውንም ጋሼንም ሊያስታርቅ አይችልም። ሁለት ሰው የሞተበት ቅሬም «ሰፈሩ አለቀ» ቢል ያው ስህተት ነው።

ደብተሮቹ ከተሰበሰቡ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ በየመካነ መቃብሩ የሚቀበረውን ሰው የሚመዘግብ የቀብር ቅኝት እ.ኤ.አ. በ2001 ተጀምሯል። በመቃብር ቦታ መቁጠር ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሆስፒታል ያልደረሰውም ሟች መቃብር አይቀርም። እኔ ሁልጊዜ የምመኘው ለደሴና ለኮምቦልቻ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

«ያልተመዘገበ አልሞተም»

በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ሞት በ30 ቀን ውስጥ ቀበሌ ሄዶ መመዝገብ አለበት። ከመካከላችን ስንቱ ነው የሚሄደው? ውርስ ወይም ጡረታ ካልመጣ ማን ያስታውሰዋል? ሙስሊሙ ጀናዛውን በዕለቱ ይቀብራል። ክርስቲያኑም ቢሆን ፍትሐቱን እንጂ ወረቀቱን አያስብም። ገጠር ሲወጣ ደግሞ ይብሳል።

የዛምቢያዋ ሉሳካ ያየችው ልብ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2020 ተመራማሪዎች በአንድ ትልቅ ሆስፒታል አስከሬን ክፍል ከ364 ሟቾች ናሙና ወሰዱ። ከእነሱ በ70 ላይ ቫይረሱ ተገኘ። በሕይወት ሳሉ የተመረመሩት በጣም ጥቂቶች ነበሩ። አብዛኞቹ የሞቱት ቤታቸው ነው። «አፍሪካን ኮሮና ዘለላት» ይባል በነበረበት ጊዜ ማለት ነው።

«ዛሬ ሞት ቀነሰ»

የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ የሚያወጡትን ሰንጠረዥ ስንጠብቅ እናመሽ ነበር። «ባለፉት 24 ሰዓታት» ይላል። ያ ግን ሪፖርቱ የደረሰበት ቀን ነው፤ ሰው የሞተበት ቀን ላይሆን ይችላል። በብዙ አገር ቅዳሜና እሑድ ቁጥሩ ወርዶ ማክሰኞ የሚዘልለው ጸሐፊው ስላረፈ ነው። የአንድ ቀን ቁጥር ይዛችሁ አትከራከሩ። የሳምንቱን አማካይ ተመልከቱ።

ሟቹን በተመርማሪው ማካፈል

የካቲት 24 ቀን 2012 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም በዓለም ላይ ከተመዘገቡት ታማሚዎች 3.4 በመቶ መሞታቸውን ተናገሩ። ብዙ ሰው «ከተያዘ ሰው 3.4 በመቶው ይሞታል» ብሎ ሰማው። «ከተመዘገቡት» የምትለዋ ቃል ወደቀች። ቀለል ያለው ሕመምተኛ ቤቱ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት እየጠጣ ዳነ እንጂ መቼ ተመዘገበ? በኢትዮጵያ ከተመዘገቡት ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ታማሚዎች የሞቱት 1.5 በመቶ ናቸው። ይህም ቢሆን የተመርማሪዎቹ ምጣኔ ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝተው ከታከሙት ብቻ ብታሰሉት ከፍ ይላል፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራውን ጎረምሳ ሁሉ መርምራችሁ ብታሰሉት ይወርዳል። በሽታው አልተለወጠም። የተለወጠው ያካፈላችሁበት ነው።

«ጣሊያን አለቀ፤ እኛን አልነካንም»

የጣሊያን ሕዝብ መካከለኛ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ ሰው ከዚያ በታች ግማሹ ከዚያ በላይ የሚሆንበት፣ 47 አካባቢ ነው። የእኛ 19 ገደማ። ኮሮና ደግሞ በዕድሜ የሚጨክን በሽታ ነው። ሁለት አገር ስታወዳድሩ እኩል ዕድሜ ያላቸውን ሰዎች ከእኩዮቻቸው ጋር አወዳድሩ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

«ቁጥሩን ቀየሩት፤ ስለዚህ ዋሽተዋል»

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2020 የቻይናዋ ዉሃን ከተማ 1,290 ሟቾች ጨምራ ድምሩን 3,869 አደረሰችው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2021 መጨረሻ ፔሩ መዝገቧን እንደገና መርምራ ከ69,000 ወደ 180,000 አሳደገችው። በአንድ ቀን ከእጥፍ በላይ። ሰው መደንገጡ አይፈረድበትም። እኔ ግን ፔሩን ሳስብ የምሰማው ሌላ ነው። ያልተቆጠሩ ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎች ነበሩ፤ አገራቸው ተመልሳ ቆጠረቻቸው። መዝገብ ሲታረም አስተካካዩን ከመስደብ በፊት ምን እንደታረመ መጠየቅ ይሻላል።

«ግምት ነው፤ አይታመንም»፣ ወይም «ግምቱ ሁሉ ኮሮና ነው»

እ.ኤ.አ. ግንቦት 2022 የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እና በ2021 ከወትሮው በላይ የሞቱ ሰዎች 14.9 ሚሊዮን ገደማ ናቸው አለ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት በይፋ የተመዘገበው የኮሮና ሞት 5.4 ሚሊዮን ነበር። ሕንድ በይፋ 481,000 አካባቢ ስትመዘግብ ድርጅቱ 4.7 ሚሊዮን ብሎ ገመተላት። መንግሥቷ አጥብቆ ተቃወመ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወረርሽኙ ባይመጣ ስንት ሰው ይሞት ነበር? የሞተው ስንት ነው? ልዩነቱን ማየት ነው። ጥሩነቱ ተመረመረ አልተመረመረ፣ ስኳር ነበረው አልነበረው የሚለውን ጭቅጭቅ ያልፈዋል። ድርጅቱ 14.9 ሲል ከ13.3 እስከ 16.6 ሊሆን ይችላል ብሎ ነው። ያንን ወሰን ቆርጦ ጥሎ አንዱን ቁጥር ብቻ ማውራት ስህተት ነው። ወሰን ስላለውም ውሸት ነው ማለት ስህተት ነው። የሞት ምዝገባው በሳሳ አገር ደግሞ ግምቱ የሚሠራው በሒሳብ ሞዴል ስለሆነ ወሰኑ ይሰፋል።

እዚህ ላይ የደሴ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ከወትሮው በላይ የሞተ ሁሉ በኮሮና አልሞተም። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። እስከ ኅዳር 27 ድረስ ሰው በጥይት ሞቷል። መድኃኒት አጥቶ ሞቷል። ስትወልድ ሐኪም ያላገኘች ሞታለች። የዚያን ዓመት ሞት ቆጥሮ «ይኸው ኮሮና» የሚል ሰው የእኛን ሰቆቃ በሌላ ስም ይመዘግበዋል። ይህ ለእኔ ከሒሳብ ስህተት በላይ ነው።

«ከሟቾቹ የሚበዙት የተከተቡ ናቸው»

ክትባቱ በአገራችን የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ። ይህ ክርክር አብሮት መጣ። ለምሳሌ ያህል 1,000 አረጋውያን አሉ እንበል። 900 ተከተቡ፣ 100 አልተከተቡም። ከተከተቡት 9 ሞቱ፤ ካልተከተቡት 5። አዎ፣ ከ14ቱ ሟቾች 9ኙ የተከተቡ ናቸው። ግን ከተከተበው መቶ ሰው አንድ፣ ካልተከተበው መቶ ሰው አምስት ነው የሞተው። ሟቾቹን ብቻ አትዩ፤ በስተጀርባቸው ስንት ሰው እንዳለ እዩ።

ቅድመ አያቶቻችን በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታን ያለ ሰንጠረዥ አሳልፈዋል። ዛሬም ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን እናጥናለን። በዚያ በሽታ ከእኛ ሰፈር ማን ማን እንደሞተ ግን የሚነግረን የለም።

እኛ ቅሬ ውስጥ ደብተሩን ለወጥነው። ድሮ የሟች ስምና የተከፈለው ብር ብቻ ነበር የሚጻፍበት። አሁን ዕድሜ፣ የሞቱበት ቀን፣ ቤት ወይስ ሐኪም ቤት፣ ወረቀት ካለ ደግሞ የሞት ምክንያት ይጻፋል። በስብሰባው ላይ «የሰው ገመና ነው» ብለው የተቃወሙ ነበሩ። ቤተሰብ ካልፈቀደ ባዶ ይተዋል ተባባልን። ጋሼ ደገፉት።

ከወር በኋላ እኒያ ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት ቤታችን መጡ። ነጠላቸው ጫፍ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ቋጥረዋል። ከሐኪም ቤት የተሰጠ ነው። አነበብኩላቸው። በመጀመሪያው ክፍል የሳንባ ምች፣ ከሥሩ ኮሮና። በሁለተኛው ክፍል ስኳር። «እንግዲህ ሁለቱንም ጻፋቸው፤ እንዳለው አድርገህ» አሉኝ። ቡና እስኪፈላ ጎኔ ቁጭ ብለው ስጽፍ አዩኝ።