ጥፋቱ የኢንተርኔቱ አልነበረም

ቤት ባለው ዴስክቶፕ የኢንተርኔት ሬዲዮ መስማት አቅቶኝ ነበር። ዘፈኑ ሃያ ሰከንድ ያህል ይሄድና ቁርጥ ይላል። ከዚያ መሃል ቃል ላይ ይቀጥላል። ያወረድኩት ዘፈን ግን ችግር የለበትም። ስልኬም በዚያው ዋይፋይ ያለ እንከን ያጫውታል።

አራት ቀን ፈጀብኝ። ብራውዘር ቀየርኩ፤ የሳውንድ ካርዱን ድራይቨር አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ፤ ራውተሩን ስንቴ አጥፍቼ እንዳበራሁት አልቆጠርኩም። ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ከፍቼ ራውተሩን፣ ማለትም 192.168.1.1ን፣ ሳያቋርጥ ፒንግ እንዲያደርግ አዘዝኩት፤ ፒንግ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀውን ጊዜ ይለካል። እዚያው ክፍል ላለ ራውተር 3 ሚሊሰከንድ ይበቃል። የእኔ ወደ 900 ይዘላል፤ አንዳንዴ ጭራሽ መልስ የለም። ፒንጉ እየሄደ እያለ ለሌላ ጉዳይ ብዬ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩን ነቀልኩት። ቁጥሩ ወዲያው 2፣ 3፣ 2 ሆነ። መልሼ ሰካሁት፤ ተበላሸ።

ለካ ዩኤስቢ 3.0፣ ማለትም ሃርድ ዲስኩ የሚጠቀመው ፈጣኑ የዩኤስቢ ዓይነት፣ ሥራ ላይ ሲሆን ዋይፋይም በሚጠቀምበት በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ ይለቃል። ኮምፒውተሩን ከዋይፋይ የምታገናኘው፣ ፍላሽ የምታክለው አዳፕተሬ ደግሞ ከሃርድ ዲስኩ ሁለት ጣት በማይሞላ ርቀት ተሰክታ ነበር። በአንድ ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ጠረጴዛው ላይ አወጣኋት። ሃርድ ዲስኩ እንደተሰካ ነው፤ ሬዲዮው ግን ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አንዴም አልተቆረጠም። ራውተራችሁም አዳፕተራችሁም 5 ጊጋኸርዝ ካላቸው፣ ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት መጀመሪያ ወደዚያ ቀይራችሁ ሞክሩ።