የጨቅላው አፍ ነጭ ሲሆን፦ መድኃኒት መቼ ያስፈልገዋል?

ጡት የሚጠባ ጨቅላ ምላሱ ነጭ ሆኖ ሲታይ አራስ ጠያቂው ሁሉ አስተያየት አያጣም፤ አንዷ «ወተት ነው» ስትል ሌላዋ ፈንገስ ነው ትላለች። ቀለሙ ብቻውን ስለማይለያቸው፣ ነጩ ነገር የት እንዳለና ሲነካ ምን እንደሚሆን ማየት ያስፈልጋል።

ለማየት የሚመቸው ጊዜ ከመጥባቱ በፊት ነው፤ ገና ጠብቶ የጨረሰ ሕፃን ምላሱ ቢነጣ አያስገርምምና። እጅዎን በሳሙና ታጥበው ሕፃኑን ወደ መስኮት ብርሃን ያዙሩትና ሲያዛጋ ወይም ሲያለቅስ የጉንጩንና የከንፈሩን ውስጥ፣ ድዱንና ላንቃውን ይመልከቱ። ነጩ ነገር ምላሱ ላይ ብቻ ስስ ሆኖ ከታየና ሌላው የአፉ ክፍል ንጹሕ ከሆነ፣ ወተት መሆኑ ያመዝናል። ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ የረጠበ ንጹሕ ስስ ጨርቅ በትንሿ ጣትዎ ላይ ጠቅልለው አንድ ጊዜ በቀስታ ይጥረጉት። ወተት ከሆነ ይለቃል፤ እንደ አይብ ፍርፋሪ ጉንጩና ድዱ ላይ ተጣብቆ የማይለቅ፣ ቢለቅም ሥሩ የሚቀላ ወይም የሚደማ ከሆነ ግን ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ካልለቀቀ ደጋግሞ መፋቅ ለስላሳውን ሥጋ ከማቁሰል በቀር አይጠቅምም።

ምላሱ ብቻ ነጭ ሆኖ ሕፃኑ በደንብ የሚጠባና የሚሸና ከሆነ፣ መድኃኒት ሳይጀምሩ ጥቂት ቀናት እያዩ መቆየት ይሻላል። የእናትየዋ ጡት ጫፍ መታመሙም ብቻውን የፈንገስ ማስረጃ አይሆንም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የሕፃኑ አጎራረስ ስለሆነ አስቀድሞ እርሱ ይታረም። እናትየዋ ወይም ሕፃኑ በቅርቡ አንቲባዮቲክ ወስደው ከሆነ፣ ወይም የሕፃኑ መቀመጫ ቀልቶ ዙሪያውን ትናንሽ ቀይ ነጠብጣቦች ካሉት ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ጤና ባለሙያ አይቶ ፈንገስ መሆኑን ካረጋገጠ የተለመደው መድኃኒት በሚሊ ሊትር 100,000 ዩኒት ያለው የኒስታቲን ፈሳሽ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው 1 ሚሊ ሊትር በቀን 4 ጊዜ ለ7 ቀናት ነው። መድኃኒቱ ፈንገሱን የሚያጠፋው በመንካት ስለሆነ፣ ከጠባ በኋላ በሁለቱም ጉንጮቹ በኩል እየተከፈለ ይንጠባጠብለት፤ ነጩ በሦስተኛው ቀን ቢጠፋም የታዘዘው ይፈጸም። የእናትየዋ ጡት ጫፍ ፈንገስ ካለበት ሁለቱም አብረው ይታከማሉ፤ አለበለዚያ አንዱ ለሌላው መልሶ ያስተላልፋል። ጄንሺያን ቫዮሌት የተባለው ሐምራዊ የሚቀባ መድኃኒት የሚሰጠው 0.25 በመቶ ሆኖ ሲቀጥን ብቻ ነው፤ ከዚያ የበረታው አፍ ሊያቆስል ይችላል። ማይኮናዞል የተባለው ሌላ የፈንገስ መድኃኒት የአፍ ጄሉ ጉሮሮ ሊዘጋ ስለሚችል ከ4 ወር በታች ላለ ሕፃን አይሆንም። ማር መቀባትም ቢሆን፣ ከ1 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ላይ ቦቱሊዝም የተባለ ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል ፈጽሞ አይሞከር። ጡት ማጥባቱ ግን አይቋረጥም።

ሕፃኑ አልጠባም ካለ፣ ከፈዘዘ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ከሆነ ነጩን መመርመር ትቶ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። አልጠባም ያለን ሕፃን እንጥል ለማስቆረጥ መውሰድ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ይጨምርበታል። መድኃኒቱ በትክክል ተሰጥቶት ፈንገሱ ካልለቀቀው ወይም ደጋግሞ ከተመለሰ ደግሞ፣ ሌላ ጠርሙስ ከመግዛት በፊት ሐኪም ምክንያቱን ይመርምር።